ከሂውስተን እስከ ጉስ አይላንድ፦ በሞተር ሆም ሄዶ ረጃጅሞቹን ነጭ ወፎች ከጀልባ ላይ ለማየት

ክሬን ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አዲስ አበባ ሰማይ ላይ የሚሽከረከረው ብረት ነው። ቴክሳስ ባሕር ዳር ግን ክሬን ወፍ ነው፤ ያውም በሰሜን አሜሪካ ካሉት ወፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጥ። ሁፒንግ ክሬን ይሉታል። ሲቆም 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከዘሩ የቀሩት ከ25 የማይበልጡ ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ ቴክሳስ ባሕር ዳር የሚከርመው መንጋ ብቻውን ከ500 በላይ ሆኗል።

ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ወፉን ሳላይ ነው የተመለስኩት። ሞተር ሆሙ (አልጋና ማዕድ ቤት ያለው መኪና) ጥሩ ነበር፣ ካምፑም ጥሩ ነበር። ስህተቴ ጀልባውን ለመጨረሻው ቀን ማስቀመጤ ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ነፋስ ተነሣና ጀልባው ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ከጀልባው ይነሣል፤ ሌላው ለእሱ እንዲመች ነው የሚደረደረው።

አንደኛ፦ ቀን መቁረጥ

ወፎቹ የሚፈለፈሉት ካናዳ፣ ውድ ቡፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከዚያ 4000 ኪሎ ሜትር ገደማ በርረው በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር ቴክሳስ ይደርሳሉ፤ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ መመለስ ይጀምራሉ። ጀልባዎቹም በደንብ የሚሠሩት ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው።

የእኔ ምርጫ በገናና በጥምቀት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ስለሆነ ልጆች ትምህርት ቤት የላቸውም፤ ዓርብን አንድ ቀን ማስፈቀድ ብቻ ነው። ከገና በፊት በጾሙ የሚሄድ ደግሞ ማዕድ ቤቱ ይቀልለዋል፤ ሽሮና ምስር ይዞ ይወጣል፣ የሥጋ ቅባት ከጠባብ የሞተር ሆም ምድጃ ላይ ሲፍቅ አያመሽም።

ሦስት ሌሊት ያዙ። ጀልባው በደረሳችሁ ማግስት ጠዋት ይሁን። ምክንያቱ በብርዱ ወራት ድንገት ከሰሜን የሚወርደው ነፋስ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ኖርዘር ይሉታል። ጠዋት በቲሸርት የዋለ ሰው ከሰዓት ካፖርት ይፈልጋል። ነፋሱ ጀልባ ከማስቀረቱም በላይ የባሕር ወሽመጡን ውሃ ወደ ውጭ ገፍቶ ጥልቀቱን ስለሚቀንሰው፣ ነፋሱ ከበረደ በኋላም አንዳንዱ ጥግ ለጀልባ አይመችም። ጀልባችሁ በመጀመሪያው ጠዋት ቢሰረዝ ሁለተኛ ጠዋት አላችሁ። እኔ ያኔ ያልነበረኝ እሱ ነው።

ለጀልባው ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። በነፋስ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል? ስንት ሰው ካልሞላ አይወጣም? የተሸፈነ ክፍልና ሽንት ቤት አለው? ጉዞው ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ልጅ ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ሦስተኛው ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል።

ሁለተኛ፦ ቦታ መያዝ

ጉስ አይላንድ፣ ማለትም የዝይ ደሴት፣ ላማር በምትባል መንደር አጠገብ ያለ የቴክሳስ መንግሥት ፓርክ ነው። የመንግሥት ፓርኮቹ ምዝገባ የሚከፈተው ከ5 ወር በፊት ነው፤ የጃንዋሪ ቦታ በኦገስት ይያዛል ማለት ነው። በዲሴምበር "እስቲ እንይ" ብሎ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የማክሰኞ ሌሊት ነው። 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የመግቢያ አይከፍሉም።

የመኪና ማቆሚያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውሃው ዳር ነው፤ በሩን ስትከፍቱ ፔሊካን ከፊታችሁ ያልፋል፣ ነፋስ ሲነሣ ግን ሌሊቱን አልጋችሁ ላይ እንደ ጀልባ ትወዛወዛላችሁ። ሁለተኛው በዋርካ መሳይ የኦክ ዛፎች ሥር ነው። የባሕሩ ነፋስ ዘመን ሙሉ ገፍቶ ወደ አንድ ጎን ያጎነበሳቸው ዛፎች ናቸው፤ ጸጥታ አለው። ረጅም መኪና ላለው ሰው ግን ቅርንጫፎቹ ዝቅ ይላሉ። እኔ የመጀመሪያ ጉዞውን ለሚያደርግ ሰው ዛፍ ሥር ያለውን እመርጣለሁ፤ ግን ስትመዘግቡ ቦታው የሚችለውን የመኪና ርዝመት ከመኪናችሁ ጋር አስተያዩ።

አንድ ነገር ለልጆች ከወዲሁ ንገሩ፦ ፓርኩ ውስጥ የመዋኛ አሸዋ የለም። ዳርቻው የኮንክሪት ግንብ፣ ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ እግር የሚቆርጥ ቅርፊትና ጭቃ ነው። አሸዋ ከፈለጉ ከኮፓኖ ቤይ ድልድይ ማዶ ሮክፖርት የምትባለው ከተማ አለችላቸው።

ሦስተኛ፦ መኪናውን መከራየት

ሞተር ሆም በሦስት ይከፈላል። ኤ የሚባለው አውቶቡስ ነው፣ ቢ ሚኒባስ ነው፣ ሲ ደግሞ ከሾፌሩ አናት በላይ አልጋ የወጣለት ነው። ለአምስትና ስድስት ሰው ቤተሰብ 25 ጫማ ገደማ የሆነ ሲ በቂ ነው። ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል።

የኪራዩ ዋጋ ማስታወቂያ ላይ ያለው አይደለም። በቀን ስንት ማይል እንደሚፈቀድ፣ ከዚያ ሲያልፍ በማይል ስንት እንደሚከፈል፣ ጄኔሬተሩ በሰዓት ስንት እንደሚታሰብ፣ ማስያዣው ስንት እንደሆነ፣ የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከሂውስተን ላማር 180 ማይል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስና የአካባቢው ዙሪያ ተደምሮ 400 ማይል ያዙ። እንዲህ ያለ መኪና በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል፤ ስለዚህ ከ40 እስከ 50 ጋሎን ነዳጅ አስቡ። ከዳላስ የሚነሣ መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ 400 ማይል ስለሚሆንበት ማይሉንም ነዳጁንም እጥፍ ያድርግ።

ስትረከቡ ስልካችሁን አውጥታችሁ ውስጡንም ውጭውንም፣ ጣሪያውንም ሳይቀር ቪዲዮ አንሱ። የሚያስረክበው ሰው ሲያስረዳም ቅዱት። "ገባኝ፣ ገባኝ" ብላችሁ የሄዳችሁበት ማብራሪያ ማታ በጨለማ ያስፈልጋችኋል።

አራተኛ፦ መንገዱ

ከሂውስተን 59 ቁጥር መንገድን ይዛችሁ እስከ ቪክቶሪያ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ወርዳችሁ 35 ቁጥር መንገድ ላይ ትገባላችሁ። የፓርኩ መታጠፊያ ከኮፓኖ ቤይ ድልድይ በፊት በስተግራ ነው። ድልድዩ ላይ ከወጣችሁ አልፋችሁታል።

የመኪናውን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ከ11 እስከ 12 ጫማ ይሆናል፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ሀምበርገር የሚገዛበት መስኮት ጋ ፈጽሞ አይገባም። ከቁመቱ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ጭራው ነው። የኋላ ጎማ ከመኪናው መጨረሻ ራቅ ብሎ ወደ ፊት ስለተቀመጠ፣ መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዙ የኋላው ጫፍ ወደ ቀኝ ይወጣል። አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ከነዳጅ መቅጃው አጠገብ ያለውን ቢጫ ብረት በኋላ ፓራውልት ገጭቻለሁ፤ ፊቴን እያየሁ፣ ስፖኪዮውን ሳላይ። ማስያዣው እዚያው ቀረ። ቀጥ ብላችሁ ወጥታችሁ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ካለፋችሁ በኋላ ነው መሪ የሚጠመዘዘው።

ከመነሣታችሁ በፊት ቁም ሣጥኖቹ ሁሉ ቀጭ ብለው መዘጋታቸውን በእጃችሁ እየገፋችሁ አረጋግጡ። ቪክቶሪያ መግቢያ ላይ ፍሬን ስይዝ ከላይ ያለው ተከፍቶ የበርበሬው ዕቃ ወረደ። ክዳኑ አልጠበቀም ነበር። እስከ ላማር መስኮት ከፍተን እያስነጠስን ነው የሄድነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ መንገዱን "የበርበሬ መንገድ" ነው የምትለው።

አምስተኛ፦ መትከል

በቀን ብርሃን ድረሱ። አንድ ሰው ይውረድና ከኋላ ቆሞ ይምራ። መሬቱን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉንም ቀና ብሎ ይይ። ከዚያ ተራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን አስተካክሉ። ዝቅ ባለው ጎማ ሥር የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መደላድል አስገብታችሁ ውጡበት። ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ መኪናው ካዘነበለ በደንብ አያቀዘቅዝም። ሲስተካከል ጎማውን በታኮ ያዙ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። ምሰሶው ላይ ያለውን ሳልቫቪታ አጥፉ፣ ስፒናውን ሰኩ፣ ከዚያ አብሩ። ሳልቫቪታው እንደበራ መሰካት ብልጭታ ያመጣል። በመካከል የኃይል መዛነፍ መከላከያ ብታስገቡ ጥሩ ነው፤ አከራያችሁ ካለው ጠይቁት።

ከዚያ ውሃ። ለመጠጥ የተሠራውን ነጭ ጎማ ተጠቀሙ፤ የአትክልቱ አረንጓዴ ጎማ የፕላስቲክ ጣዕም ይሰጣል። ግፊት መቀነሻዋን ትንሽ ናስ ከቧንቧው ጋር አድርጉ፤ የፓርኩ ግፊት የመኪናውን ቀጭን ቧንቧ ሊያፈነዳው ይችላል። እዚህ የፍሳሽ መስመር በየቦታው የለም፤ ቆሻሻው እስክትወጡ በመኪናው ታንክ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ሻወሩን በፓርኩ መታጠቢያ ቤት ውሰዱ፤ ታንኩ ለአምስት ሰው ገላ የተሠራ አይደለም።

ስለ ምጣድ ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ልበል። እንዲህ ያለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው 30 አምፔር ነው፤ እሱም በ120 ቮልት 3600 ዋት ነው። አሜሪካ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ማይክሮዌቩ ከ1000 በላይ፣ የክፍል ማሞቂያው 1500። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲበሩ ሳልቫቪታው ይወድቃል፤ ጎረቤትም "እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?" ብሎ ብቅ ይላል። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ቡናውን ግን አትተዉ። መቁላቱ ውጭ ይሁን። ውስጥ ከቆላችሁ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ካምፑን ያነቃዋል። ወለሉ አጠገብ ያለችው ሌላዋ ማስጠንቀቂያ የጋዝ ናት፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው እዚያ የተደረገችው። እሷ ከጮኸች ግን ቀልድ የለም፦ እሳት አጥፉ፣ ሁሉም ይውጣ፣ የጋዙን ሲሊንደር ከውጭ ዝጉ። እንጨት ከፓርኩ መልቀም ክልክል ነው፣ መጠጥም በአደባባይ አይፈቀድም፤ ከማታው 10 ሰዓት በኋላ (በአሜሪካ አቆጣጠር) ጸጥታ ነው።

ስድስተኛ፦ የጀልባው ጠዋት

ጀልባዎቹ የሚነሡት ከድልድዩ ማዶ ካሉት ከፉልተንና ከሮክፖርት ወደቦች ነው፤ ከፓርኩ 15 ደቂቃ ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ሞተር ሆም ቤትም መኪናም ስለሆነ ወደብ ለመሄድ ቤቱን መንቀል ያስፈልጋል። ሁለት ቤተሰብ ከሆናችሁ አንዳችሁ በትንሽ መኪና ተከተሉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታውኑ ውሃውን ነቅላችሁ፣ ዕቃውን ሰብስባችሁ እደሩ፤ ጠዋት ስፒናውን ነቅሎ መሄድ ብቻ ይቀራል። ድልድዩ ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታ ረጅሙ መኪና ይገፋል፤ ፍጥነት ቀንሱና መሪውን በሁለት እጅ ያዙ።

ማታ የአየር ትንበያ እዩ። በሰዓት 25 ማይል ነፋስ የሚል ካለ ከመተኛታችሁ በፊት ካፒቴኑን ደውላችሁ ጠይቁ። ልብስ ደራርቡ፤ ባሕሩ ላይ ከየብሱ ይበርዳል። መርከብ የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ውሃው ግን በደሴት የተከለለ ወሽመጥ ስለሆነ እንደ ክፍት ባሕር አይደለም።

አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ላይ 8x42 የሚል ፈልጉ። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ጀልባ ላይ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ወፉ ሲዘል ነው የምታዩት። የብስ ላይ እያላችሁ አስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በግራው መካከለኛውን ጎማ አጥሩ፣ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ በኩል ያለውን ቀለበት አዙሩ። ለልጆች ይህን ማታውኑ አለማምዷቸው። ጀልባ ላይ "የታል? የታል?" ሲባል ወፉ ይሄዳል።

ጀልባው ኢንትራኮስታል በሚባለው፣ የጭነት ጀልባዎች በሚመላለሱበት ቦይ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመውን የአራንሳስ የዱር እንስሳት መጠለያ ረግረግ ጠርዝ ይታከካል። ወፎቹ በቤተሰብ ነው የሚቆሙት፤ አባት፣ እናትና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት። ሁለት እንቁላል ይጥላሉ፣ በብዛት የሚያድገው አንዱ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ርስት የራሱ ረግረግ አለው፤ ሌላ ሲገባበት ያባርራል። ጫጩቱን በቀረፋ ቀለሙ ትለዩታላችሁ። ሲመገቡ ሰማያዊውን የባሕር ሸርጣን ሲያወጡ፣ እግሮቹን እየነቀሉ ሲጥሉ ታያላችሁ።

ከሩቅ ነጭ የሆነ ሁሉ ክሬን አይደለም። አንገቱን አጥፎ የሚበርረው ሳቢሳ ነው። ክሬን አንገቱን ወደ ፊት፣ እግሩን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጎ ነው የሚበርረው። የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ግን ሲቆም ስለሚሸፈን በሚበርርበት ጊዜ ብቻ ነው የሚታየው። ነጩ ፔሊካንም ክንፉ ላይ ጥቁር አለው፤ እሱ ግን እግሩ ወደ ኋላ አይዘረጋም፣ መንቆሩም አካፋ ነው። ግራጫ ክሬን ካያችሁ ሳንድሂል የሚባለው፣ አነስ ያለው ዘመዱ ነው። ሮዝ ሆኖ መንቆሩ ማንኪያ የመሰለውን ልጆቹ "ፍላሚንጎ!" ብለው ይጮኹበታል፤ ስፑንቢል ነው።

ካፒቴኑ ሞተሩን ሲያጠፋ ሁላችሁም ዝም በሉ። ስሙን ያገኘበትን ጩኸት የምትሰሙት ያኔ ነው። የአየር ቧንቧው 1.5 ሜትር ገደማ ሆኖ የደረቱ አጥንት ውስጥ እንደ ጥሩምባ ተጠምዝዟል፤ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጠው ለዚህ ነው። እኔ ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። እዚያ ያለው ጨለለቃ ሐይቅ ላይ በየዓመቱ ከአውሮፓ የሚመጡ ክሬኖች እንደሚያርፉ ያወቅሁት ሂውስተን ከመጣሁ በኋላ ነው፤ በአጠገባቸው ኳስ ስንጫወት አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ወፉ መብላቱን ትቶ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ማየት ከጀመረ ቀርባችኋል ማለት ነው። ካፒቴኑን "ትንሽ ጠጋ በል" አትበሉት፤ ወፉን ማወክ በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። ድሮንም ቤት ተዉት።

ሰባተኛ፦ ጀልባው ከተሰረዘ

ሁለተኛው ጠዋትም ነፋስ ከሆነ የብስ ላይ ዕድል አለ። ከፓርኩ ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብሎ ቢግ ትሪ የሚባለው ከ1000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ኦክ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ አካባቢውን ሲያፈርስ እሱ አልወደቀም። በዙሪያው ባሉት ሜዳዎች ላይ ክሬኖች ይወርዳሉ፤ ከመንገዱ ሳትወጡ፣ የሰው አጥር ሳታልፉ እዩ። ጊዜ ካላችሁ በስተሰሜን አውስትዌል አጠገብ ያለው የመጠለያው መግቢያ የመመልከቻ ማማ አለው፤ ወፎቹ ከዚያ ሩቅ ነጭ ነጥቦች ናቸው፣ መነጽር ግድ ነው።

ስምንተኛ፦ መመለስ

የቆሻሻ ማስወገጃው መውጫው አካባቢ ነው። ሁለት ታንክ አለ፦ ጥቁሩ የሽንት ቤቱ፣ ግራጫው የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያው። በቆያችሁባቸው ቀናት፣ የፍሳሽ መስመር ባለው ካምፕ እንኳ ቢሆን፣ የጥቁሩ ቫልቭ ተዘግቶ ይቆይ፤ ከፍታችሁ ከተዋችሁት ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይቀራል፣ እሱን መንቀል ለማንም አይመኙለትም። ሽንት ቤት ውስጥም ለዚሁ የተሠራውን ቶሎ የሚሟሟ ወረቀት ብቻ ጨምሩ፣ ውሃም አትሰስቱ።

ጓንት አድርጉ። ወፍራሙን ጎማ መጀመሪያ ከመኪናው፣ ከዚያ ከመሬቱ ቀዳዳ ጋር አጥብቁ፤ የመሬቱን ጫፍ አንድ ሰው በእግሩ ይያዝ ወይም ድንጋይ ይደረግበት። ጥቁሩን ክፈቱ፣ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ዝጉ። ከዚያ ግራጫውን ክፈቱ፤ የሳሙናው ውሃ ጎማውን ያጥበዋል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ጎማውን በእጁ ነው የሚያጥበው። እዚያ ያለውን የማጠቢያ ቧንቧ በነጩ የመጠጥ ጎማችሁ አትንኩት።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩት፦ ስፒናው ተነቅሏል? ደረጃው ገብቷል? አንቴናው ወርዷል? ታኮው ተነሥቷል? ጋዝ ተዘግቷል? ነዳጁን ለመሙላት አከራዩ አጠገብ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ቪክቶሪያ ውስጥ ሰፊ ማደያ ፈልጋችሁ ቅዱና መጨረሻ ላይ ትንሽ ብቻ ጨምሩበት። ቢጫውን ብረት ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስክታልፉት መሪ አትንኩ።